ውሃው የተገለበጠ ሰሞን

ታላቅ ወንድሜ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ዓመት ከቀይ ባሕር ጂማ ሲገባ የሸራ ቦርሳና የማይለቅ ሳል ይዞ መጣ። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር በሚገኘው የእናታችን ቤት ጓሮ ክፍል ሰጠነው፤ የቡና መጋዘን ጥበቃ ሆኖም ተቀጠረ። ስለ ባሕር አያወራም። እናታችን ስትጠይቀው «ውሃ ነው እማዬ፣ ሌላ ምን አለው?» ብሎ ይነሣል። አንዲት ቃል ሳትሰማ ሞተች።

ከብዙ ዓመት በኋላ የጊቤ ወንዝ ተገደበና ሸለቆው በውሃ ተሞላ። ወንድሜ አንድ እሑድ በሚኒባስ ሄዶ አይቶት መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ በር ላይ ቆመና «ሐይቅ ሆኗል» አለኝ። እንደዚያ ዓይነት ፊት አይቼበት አላውቅም። ከዚያ ወዲያ የዕረፍት ቀኑን ሁሉ እዚያ ዓሣ ሲያጠምድ ይውላል።

እዚያ የተዋወቃቸው ጓደኛው መሬታቸው ከግድቡ ውሃ ሥር የቀረባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሌሎች ተነሺዎች የሰፈሩበት ኮረብታ ላይ ቤት ተሰጥቷቸዋል። ትንሽ የእንጨት ታንኳ አላቸው። ወንድሜ ይቀዝፋል፣ እሳቸው ከሥር ያለውን ይነግሩታል፤ ዓሣ የሚሰበሰበው የሰጠመ ዛፍ፣ የድንጋይ አጥር፣ የድሮው ወንዝ ጉድባ ያለበት ቦታ ነውና።

ኅዳር ላይ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ያን ሰሞን ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ገና ከመንገዱ ስንወርድ የበሰበሰ ቅጠልና የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ተቀበለን። ሽማግሌው ታንኳቸውን ሳይፈቱ ዳር ላይ ቆመዋል። ጫፋቸው ብቻ በሚታይ ደረቅ ዛፎች መካከል ዓሦች ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፋሉ።

«እንዴት አደሩ አባ? ምን መጣ?» አለ ወንድሜ።

«አልሐምዱሊላህ። ውሃው ተገለበጠ፣ ኦቦሌሳ ኮ» አሉት። በኦሮምኛ «ወንድሜ» እያሉ ነው የሚጠሩት።

ወንድሜ ተንበርክኮ እጁን ነከረ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ከላይ ያለው ውሃ ሞቅ ብሎ፣ የታቹ ቀዝቅዞ፣ ሳይደባለቁ ይከርማሉ። እንዲህ ሲበርድ የላዩ ይከብድና ይሰምጣል፣ የታቹ ይወጣል። የታቹ አየር የለውም፣ ዓሣውን ያፍነዋል።» ትንሽ አሰበና «የተረፉት ወደ ዛፎቹ ራስ ወጥተው ይሆናል፤ እንሞክር» አለ።

ሽማግሌው ብዙም ደስ አላላቸውም፤ ግን ተሳፈሩ። እኔ መሐል ተቀመጥኩ። ውሃው ጥቁር ነበር።

«አሁን የት ነን አባ?» ይላል ወንድሜ ሲባጎውን እየጣለ።

«ወፍጮ ቤቱ መንገድ ላይ።»

«አሁንስ?»

«የኔ ቡና ውስጥ። ይህ የምታየው የቡናው ጥላ ነበር» አሉ፣ ወደ አንድ የዋርካ ጫፍ እያመለከቱ።

ነፋስ ተነሥቶ ታንኳዋን ወደ ጎን ገፋት። ወንድሜ እንደገና የት እንደደረስን ጠየቃቸው። ዞር ብዬ አየኋቸው። የታንኳዋን ጠርዝ ይዘው ወደ ውሃው ያያሉ።

«ወደዚህ መጥተን አናውቅም፣ አውቄ ነው ወደ ሌላ የማዞርህ» አሉ። «መቃብሩ ነው። ባለቤቴ እዚህ ናት።»

ወንድሜ መቅዘፉን ተወ።

«ሲያስነሡን ሰዉ የዘመዱን አጥንት አወጣ። የኔዋ ከሞተች ገና ወራት ነበር። ቆፍሬ እንዴት አያታለሁ?» እጃቸውን ውሃው ውስጥ አስገብተው አወጡና የት እንደሚጠርጉት ጠፋቸው። «ይኸው የታቹ ውሃ ከሷ ላይ ተነሥቶ መጣ።»

ወንድሜ ሲባጎውን ቀስ ብሎ ጠቀለለና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«እኔም ባሕር ውስጥ ሰዎች አሉኝ፣ አባ» አለ።

አብረውት አንድ ክፍል የሚያድሩ ሦስት ጓደኞች ነበሩት። በጦርነቱ መርከባቸው ስትመታ እሱን ሌላ ጀልባ አወጣው፤ እነሱ አልወጡም። «የአንደኛው እናት ልጄ የት ተቀበረ ብለው ጠየቁኝ። ወስደህ አሳየኝ አሉ። ምን ላሳያቸው?» አለ። እኔ እኅቱ አንድ ግቢ ስንኖር ያልሰማሁትን ነው እዚያ የሰማሁት።

«ስማቸው ማን ይባላል?» አሉት ሽማግሌው።

አንድ በአንድ ነገራቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ለሚስታቸውም፣ ለሦስቱም ዱዓ አደረጉ። ወንድሜ አማተበ። ዓሣ ሳንይዝ ተመለስን።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ታንኳው ላይ አልወጡም። ልጃቸው አጋሮ ወሰደቻቸው። ወንድሜ ብቻውን ጥቂት ጊዜ ሄደ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ዓሣው አለቀ እንዴ ጋሼ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አለ። መንጠቆ መጣል አቃተኝ» አለኝ።

በክረምቱ ያ የማይለቀው ሳል ጠናበት። ሆስፒታል ተኝቶ ሰነበተና ዐረፈ። ወደ አጋሮ መልእክት ብልክም ሽማግሌው የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶባቸው። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ጎረቤቶቻችን እኚህ ሰው ማናቸው እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። የወንድሜ ጓደኛ ናቸው አልኩ።

ሲመሽ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። «አጋሮ እንዴት ነው አባባ? ለመዱ?» አልኳቸው።

«ልጄ ትጦረኛለች፣ አልሐምዱሊላህ። የማወራው ሰው ግን የለኝም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

ይምጡና ይጠይቁኝ አልኳቸው። እሺ አሉ፤ አልመጡም። እኔም ልሂድ ልሂድ ስል ከአጋሮ የመጣ አንድ ነጋዴ መሞታቸውን ነገረኝ።