በሰው ድንኳን የሰፋሁት ስፌት

ልጆቹ ከበው ይዘውኛል። «ሐቦባ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የጠፋሽበትን ቀን ንገሪን» ይላሉ። እዚህ ካርቱም አያትን የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ አንቱ ማለትም አያውቁበት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ሳወራ አንዷ ትጽፋለች። ጠፋሽ የሚሉትን ግን አልቀበልም። ትንሽ ዞር ዞር አልኩ እንጂ አልጠፋሁም።

ትልቋ የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። ተማሪዎቹ የየሕዝቡን ባህል የሚያሳዩበት በዓል ደገሱ። ለኑባው ድንኳን፣ ለቤጃው ድንኳን፣ ለዳርፉሩ፣ ለቻዱ፣ ለሶሪያው፣ ለእኛም። ደንብ ነበረው፤ በየድንኳኑ አንድ የእጅ ሥራ ሰው ፊት ሲሠራ መታየት አለበት። ዳኛ እየዞረች ትመዘግባለች፤ ይህን ያላሳየ አመሻሽ ላይ መድረክ አይወጣም። ልጅቷ ወሎን በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ አማርኛዋም ግማሹ ዐረብኛ ነው። ያም ሆኖ ከጓደኞቿ ጋር ወር ሙሉ ጀሪፍ ያለው ቤታችን ጣራ ላይ እስክስታ ተለማምዳለች። የጎረቤት ፍየሎች እንኳ ከበሮውን ለምደውት ነበር።

ከመካከላችን ስፌት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። በመተማ በኩል ሰው ያመጣልኝ የስፌት ሣር፣ አክርማ ነበረኝ፤ ቀይና አረንጓዴ አድርጌ የመሶብ ክዳን ጀምሬ ይዤ ሄድኩ። ድንኳናችን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና፣

«ሐቦባ፣ ዳኛዋ እስክትመጣ በአላህ ከዚህ አትነሺ» አለችኝ።

«የት እሄዳለሁ?»

«አውቅሻለሁ። ባለፈው ዳቦ ልግዛ ብለሽ ወጥተሽ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ተገኘሽ።»

እሷ ጓደኞቿን ልታለብስ ሄደች። ፀሐዩ ታዲያ አክርማውን አደረቀብኝ፤ አክርማ ካልራሰ ደግሞ ይሰበራል። ጣሳዬን አንስቼ ውኃ ፍለጋ ወጣሁ። ውኃው ሩቅ ነበር። መንገዱ ላይ ከበሮ አለ፣ ኦቾሎኒ የሚያስቀምሱ አሉ፣ ፀጉራቸውን ከምረው በሰይፍ የሚዘሉ የቤጃ ልጆች አሉ። እንዴት አላይም? ስመለስ ድንኳኑ ሁሉ ነጭ፣ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። በአንዱ ውስጥ ግን ቀይና አረንጓዴ የተጀመረ ክዳን፣ ወስፌው እንደተሰካ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ።

አንድ ሁለቴ ስወጋ እጄ ጠረጠረ። አክርማ አይደለም፣ የዘንባባ ቅጠል ነው። የእኔው ደርቆባት ልጅቷ ቀይራው ይሆናል ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ብዙ ሳይቆይ ቶብ፣ ያንን የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ልብስ፣ የለበሰች ሴት መጣች፤ በዕድሜ ታንሰኛለች። ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከርከዴ ቀድታ ሰጠችኝና አጠገቤ ቁጭ አለች። ልታይ የመጣች እንግዳ መሰለችኝ።

«ይኼ የወሎ ስፌት ነው» አልኳት በዐረብኛዬ። ዐረብኛዬን የተማርኩት ሰው ቤት ስሠራ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

«ማሻአላህ። ጫፉን እንዴት ነው የምትመልሱት?»

«እጅሽን አምጪ። እንዲህ። አይ እህቴ፣ ወስፌ እንደ ማንኪያ አይያዝም።»

«ማሊሽ፣ ሐጃ» አለች፣ ይቅርታ እናቴ ማለቷ ነው። ከንፈሯን ነክሳለች።

ስንት ዙር እንደሰፋሁ አላውቅም፤ የልጅ ልጄ እያለከለከች ደረሰች። ከኋላዋ መዝገብ የያዘችው ዳኛ ነበረች።

«ሐቦባ፣ ዳርፉሮች ድንኳን ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

ወስፌው ገና እጄ ላይ ነበር።

«የእናንተን አይቼዋለሁ፤ ሰው የለበትም» አለች ዳኛዋ። «የእጅ ሥራ የለም ብዬ ጽፌያለሁ።»

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። ይኼኔ ባለ ቶቧ ተነሣች።

«ሰርዢው» አለቻት። «ሐጃ ስትሰፋ እያየሽ ነው። የሐበሾቹ ብለሽ ጻፊ።»

«ቅጠሉ የእናንተ ነው እኮ።»

«እጁስ የማን ነው?»

ዳኛዋ መዝገቧን ገለጠች። አንድ ገጽ ላይ ጻፈች፣ ገልጣ ሌላ ገጽ ላይም ጻፈች። እኔ ማንበብ አልችል፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ክዳኑ ያንቺ ከሆነ፣ ወስፌ አያያዝ ሳስተምርሽ ምነው ዝም አልሽ?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ሐጃ፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ስሰፋ እንዲህ የተቆጣኝ እናቴ ብቻ ነበረች። ደስ አለኝ።»

አመሻሽ ላይ ልጆቻችን መድረኩን በእስክስታ ቀወጡት። የልጅ ልጄ መነጋገሪያውን ይዛ በዚያ በግማሽ አማርኛዋ «እኔ የወሎ ልጅ ነኝ» ስትል አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። የዳርፉር ልጆች የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ከፊት ቆመው ከማንም በላይ ያጨበጭቡ ነበር። «የእናንተስ መቼ ነው?» ብላት ሴትዮዋ «ኢንሻአላህ» ብቻ አለችኝ።

ዓመታት አልፈው የልጅ ልጄ ስትዳር ሴትዮዋ ያንን ክዳን ጨርሳ ይዛላት መጣች። የእኔ ዙሮች ጠበቅ ብለው ያስታውቃሉ። ሒናው ሲቀባ አብራት የመጣችው ልጇ እየሳቀች አጫወተችኝ። ለካ አንድ ሥራ ለሁለት ድንኳን አይቆጠርም ነበር። ዳኛዋ ለእኛ ስትጽፍ ከእነሱ ሰርዛለች፤ የዳርፉር ልጆች ያን ቀን መድረክ አልወጡም።