ፍርድ ቤት ያላገደው

የክትባት ፍሪጅ ከፍቶ ጥሬ ሥጋ ማግኘት ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። የወረዳ እንስሳት ክሊኒክ ባለሙያ ነኝ። አለቃችን በየበዓሉ የቅርጫ ሥጋውንና ቢራውን የሚያስቀምጠው በከብት ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ቦታ ሲጠበው ክትባቱን አውጥቶ መስኮት ላይ ይደረድረዋል። ድግሱ ሲያልቅ ይመልሰዋል። እኛ ደግሞ ፀሐይ የመታውን ውኃ መድኃኒት ነው ብለን እንወጋለን።

በዚያው ክረምት አባ ጎርባ የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። «ተከትቧል» ያልነው ከብት ጭኑ እያበጠ ወደቀ። ጎረቤቴ ስንት ደክሞ ለጥማድ ያደረሰው ወይፈን ደጃፉ ላይ ሞተ። ሰውዬው እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ያየሁትን ሁሉ ለዞን ጠቆምኩ።

ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ደረሰኝ፤ መኪና ወደማይገባበት ቆላ ቀበሌ። ሚስቴ ወሯ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣነው ሐኪም ዘንድ ሳንደርስ መንገድ ላይ ነው፤ እሷም ለጥቂት ተረፈች። ይህንኑ ለአለቃዬ ብነግረው፣ «የቆላ ሴት አትወልድም እንዴ?» አለኝ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ።

ፍርድ ቤት ሄድኩ። እውነቱን እንናገርና፣ ዳኛዋ አላሳፈሩኝም። ጥቆማው ተጣርቶ እስኪያልቅ ጠቋሚው ካለበት እንዳይነሳ፣ ደመወዙም እንዳይነካ ብለው እግድ ሰጡ። ያን ቀን ወደ ቤቴ በእፎይታ ገባሁ።

ከዚያ ሽምግልና መጣ። ነፍስ አባቴ ከፊት፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ከኋላ።

«ልጄ፣ ሰው አለቃውን በዳኛ አሳግዶ እንዴት ይኖራል? እግዱን አንሳና ታረቅ» አሉኝ ነፍስ አባቴ።

«አባ፣ እርቅ አልጠላም። እግዱን ካነሳሁ ግን በማግስቱ ቆላ ነኝ።»

«እኔ ዋስ እሆናለሁ።»

«ለሚስቴም ነፍስ ዋስ ይሆናሉ?»

መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ። በእኛ አገር የሽማግሌ እግር መመለስ ትልቅ ነውር ነው። ከብት ያስጨረሰው ሰውዬ «እርቅ ፈላጊ» ተባለ፤ እኔ «ሽማግሌ የረገጠ»። ወሬው በገበያተኛ አፍ ከአርብ ገበያ ከተማ እስከ ወገዳ ከተማ ተዳረሰ። ያስጠላኝ አለቃዬ አይደለም፤ እሱን ድሮም አውቀዋለሁ። ያስጠላኝ ሥጋውም ክትባቱም ተረስቶ የእኔ ነውር ብቻ መቅረቱ ነው።

ሚስቴን ምጥ ሲይዛት «ማርያም፣ ማርያም» የሚላት አንዲት ጎረቤት ጠፋች። ቆላ ብንሆን ኖሮ ያከትምላት ነበር፤ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ሆነና ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። አማቴ የወንድ ልጁን እልልታ ብቻዋን እልል ብላ ብላ ድምጿ ተዘጋ።

ቤት ገብተን ገንፎ ተገነፋ። ቅቤና በርበሬው መሃሉ ፈሰሰ። ሰው ጠበቅን፤ የሚመጣ የለም። ገንፎው ሊቀዘቅዝ ሲል አለቃዬ ነጠላውን አጣፍቶ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያለ ገባና ከመደቡ ላይ ተቀመጠ። ቤቴ የገባን ሰው ውጣ ማለት አልቻልኩም። እሱ ሲገባ ያየ ሰፈርተኛ ሁሉ ተከትሎ ጎረፈ። ወይፈን የሞተበት ጎረቤቴ ሳይቀር መጣ።

«እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለች አማቴ።

«ውይ እትዬ፣ እሳቸው ሳይመጡ እንዴት እንመጣለን?» አለች አንዷ፣ ምንም ሳታፍር።

ፍርድ ቤት አለቃን ያግዳል፤ አጎብዳጅን በምን ያግደዋል?

አለቃዬ ከገንፎው ጎረሰ። በቅቤ የራሰ ጣቱን ሳይጠርግ ልጄን ከአማቴ እቅፍ ተቀበለና ወደ ላይ ከፍ አደረገው። «ስሙን እግዱ በሉት!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤቴም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከአልጋው በኩል ግን ሚስቴ ሳትስቅ ታየኝ ነበር።

ልጁን ከእጁ ተቀብዬ ለእናቱ ሰጠኋት። ከዚያ ተመልሼ ገንፎውን ከፊታቸው አነሳሁ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። የጋይንት ሰው ነኝ፤ ከእንግዳ ፊት ማዕድ ሳነሳ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።