ባለ አምስት ቀዳዳዋ ብረት

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ቦንጋ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው የተሳፈርኩበት ባጃጅ የጎን መስታወቱ የታሰረው በአንዲት አረንጓዴ ብረት ነው። ጠፍጣፋ፣ ከጣት ብዙም የማትረዝም፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ እኩል የተራራቁ ቀዳዳዎች ያሏት ብረት። ቆጠርኳቸው፤ አምስት ናቸው።

«ይቺን ከየት አገኘሃት?» አልኩት ሾፌሩን።

«ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ነዋ፣ ጋሼ። ከትምህርት ቤት አሮጌ ዕቃ ጋር ተጥላ የመጣች ናት። ምነው፣ የእርስዎ ነበረች እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

የእኔ አልነበረችም። ጠባቂዋ ግን ነበርኩ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን የእጅ ሥራ መምህራችን አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበራቸው። ውስጡ እየተገጣጠመ መኪና፣ ድልድይ ወይም የዕቃ ማንሻ የሚሆን የብረት መጫወቻ ነው፦ ቀዳዳ ያላቸው ብረቶች፣ ጥቃቅን ብሎንና ዳዶ፣ ጎማዎች፣ ገመድ የሚዞርባቸው ፑሌጃዎች። ክዳኑ ሲከፈት የማሽን ዘይት ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ጋራዥ በር ላይ ያቆመኛል። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የዕቃው ዝርዝር ተለጥፏል። የመምህሩ ደንብ አንድ ነበር፦ ዓርብ ከሰዓት የተሠራው ሁሉ ይፈታል፤ በዝርዝሩ መሠረት ተቆጥሮ ይመለሳል። ሣጥኑ የሚቀመጥበትን ቁም ሣጥን ቁልፍ ለእኔ የሰጡኝ አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበረ ይመስለኛል። ልጁም ዕቃንና ወረቀትን ማስማማት ያውቃል ብለው ይሆናል። አልተሳሳቱም።

አሰፋ ከቦንጋ ወጣ ያለችው የማንኪራ ገጠር ልጅ ነው። ቦንጋ አክስቱ ቤት እየኖረ አብሮኝ ይማር ነበር። አባቱ ንብ አናቢ ናቸው፤ ቀፏቸው የሚሰቀለው ረዣዥም ቀረሮ ዛፍ ላይ ስለሆነ ማር ለመቁረጥ በገመድ ይወጣሉ። በዚያው ዓመት አንድ ጎረቤታቸው ከዛፍ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሰፋ ከሣጥኑ አልለይ አለ። ሰኞ ይገጥማል፤ ዓርብ እፈታበታለሁ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ፣ ተሳካለት። ከብረቶቹ ዛፍ የሚመስል ምሰሶ አቁሞ፣ ጫፉ ላይ ፑሌጃ አስሮ፣ በቀፎ ፈንታ የበቆሎ ቆረቆንዳ በሲባጎ አንጠለጠለ። እጀታውን ሲያዞረው ቆረቆንዳው ሳይወዛወዝ ይወርዳል።

«ፑሌጃው ቅርንጫፉ ላይ አንዴ ከታሰረ በቃ» አለኝ። «ቀፎው ራሱ ይወርዳል። አባቴ መሬት ላይ ቆሞ ማሩን ይቆርጣል።»

«ለምን አትነግራቸውም?»

«ብነግረውማ ይስቅብኛል። በዓይኑ ያላየውን አያምንም። ነገ ለገበያ ይመጣል፤ እስከ ነገ ብቻ አትፍታው።»

«ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«መምህር ከጠየቁ በእኔ አሳብብ።»

ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥሮ ሄደ። እኔ ተቀምጬ ፈታሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ዝርዝሩ ሞላ፤ ደስ ብሎኝም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ እንደነበረ መካድ አልችልም።

ቅዳሜ አባቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ታቅፈው፣ ካፖርታቸው በዝናብ እንደራሰ ትምህርት ቤት መጡ። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። አሰፋ ሣጥኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። በባዶ እጁ አየር ላይ እጀታ እያዞረ ለአባቱ ማስረዳት ጀመረ። አባቱ ጎንበስ ብለው በረድፍ የተደረደሩትን ብረቶች ተመለከቱ።

«በእኔ ፈንታ ዛፍ የሚወጣው ይኼ ነው? ተኝቷል እኮ። በሉ እንግዲህ፣ ሲነቃ ጥሩኝ» አሉ።

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዝናቡ ሳይብስ መንገዳቸውን ጀመሩ።

ሰኞ አሰፋ እንደገና መግጠም ጀመረ። በዚህኛው ሳምንት እንደማልፈታው ነገርኩት። ረቡዕ ዕለት አባቱ ከረጠበ ዛፍ ላይ ወድቀው መሞታቸው ተሰማ።

ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በጭቃው ውስጥ በእግራችን ሄደን ለቅሶ ደረስን። አሰፋ ከአጎቶቹ መካከል ተቀምጧል። አጠገቡ ስቀመጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ዕቃው ተሟልቷል?» አለኝ።

«ተሟልቷል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። የበኩር ልጅ ነውና ቀፎዎቹ የእሱ ሆኑ፤ ዛፉም እንደዚያው።

ከዚያ ወዲህ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ ሰው ጠይቄ፣ ብዙ መልስ መዝግቤአለሁ። አሰፋ በዚያች ጥያቄ ሊወቅሰኝ ፈልጎ ይሁን፣ ወይም ሰኞ የጀመረው ሳይፈታ መቅረቱ አሳስቦት፣ አሁንም መለየት አልቻልኩም። አባቱ ቢያዩት ኖሮ መውጣቱን ይተዉ እንደነበርም ማረጋገጥ አልችልም። ያረጋገጥኩት አንድ ነገር ነው፦ ዓርብ ቆሞ የነበረው፣ ቅዳሜ ሣጥን ውስጥ ነበር። አንድ ብሎን ሳይጎድል የጠበቅኩት ያ ሣጥን ደግሞ ከአሮጌ ብረት ጋር ተሸጧል።

ሾፌሩ ዓይኔን ከመስታወቱ አለማንሳቴን አስተዋለ። ባጃጁን ጥግ አስይዞ ከመቀመጫው ሥር ካቻቢቴ አወጣ።

«በጣም ወደዷት መሰለኝ። ልፍታልዎት፣ ጋሼ? መስታወቱን በሽቦ አስረዋለሁ።»

«ተዋት» አልኩት። «አትፍታት።»