የጋሽ ጋይም ሚጥሚጣ

ካናዳ ውስጥ ፋልከንሪጅ ሰፈር የሚኖሩት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ጋሽ ጋይም ያለ ሚጥሚጣ ብልቃጣቸው ንቅንቅ አይሉም፤ የካናዳ ምግብ ሁሉ ለእሳቸው የበሽተኛ ምግብ ነው። ለቫኬሽን ታይላንድ ሊሄዱ ሳምንት ሲቀራቸው ባለቤታቸው ገኒ «እዚያ የምንበላውን እዚሁ እንልመደው» ብላ ታይ ሬስቶራንት ወሰደቻቸው።

አስተናጋጇ በቃሪያ የሚሠራውን የፓፓያ ሰላጣ «ማይልድ ይሁን? ቃሪያው ይቀነስ?» ስትላቸው ደማቸው ፈላ።

«ለእኔ ነው ማይልድ? ያላችሁን የመጨረሻ ሆት አምጪ!» ብለው ብልቃጣቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ሽጉጥ አስቀመጡት።

ሰላጣው ቀርቦ ገና አንዴ እንደጎረሱ ላብ አጠመቃቸው፤ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ገኒ ለራሷ ያዘዘችውን ጣፋጭ የማንጎ ሩዝ ነጥቀው አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁት።

«አቃጠለህ እንዴ?» አለች ገኒ።

«የእነሱ? ወግጂ! ያቃጠለኝ የራሴው ሚጥሚጣ ነው!»

ገኒ ብልቃጡን አንስታ እንደታሸገ መሆኑን አየች።

«ታዲያ ሲከፈትማ ምን ሊውጥህ ነው?»