ተነሺ የተባለችው ልጅ

በእህቴ በቢፍቱ ላይ የተሠራው በደል ይህ ነው፦ ከቤተሰባችን ፎቶዎች በአንዱም ላይ ፊቷ የለም፤ ጥፋቱ ግን የራሷ ነው ተብሎ ከሞተች በኋላ እንኳ ሲሳቅባት ኖሯል። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ አራተኛ ክፍል ስደርስ ቤት አስቀሩኝ። ያየሁትን ለመጻፍ ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል። ያን ቀን ሣሩ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ልጅ እያለሁ አሰላ ውስጥ የራሱ ካሜራ ያለው ሰው ብዙ አልነበረም። ከጥቂቶቹ አንዱ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ታደሰ ነበሩ። እንጀራቸው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ነው፤ ፎቶ የሚያነሱት ስለሚወዱት ብቻ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራችን ላይ ቆመው "ዛሬ ማን ነው ተራራ የሚወድ?" ሲሉ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጌቱ እየተጋፋን እንወጣለን። እናቴ ገብሱን ቆልታ አስፈጭታ በቅቤ ያሸችውን ጭኮ በሳህን አድርጋ በጨርቅ ትቋጥራለች፤ አባቴ ጋቢያቸውን ይደርባሉ፤ ጉዞ ወደ ጭላሎ ግርጌ ነው።

ያ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ዝናብ የጠገበ ጥድ፣ የተረገጠ ሣር፣ ፀሐይ ያሞቀው የካሜራ ቆዳ። ጋሼ ታደሰ ጉሬዛ ሲያዩ እንደ አዳኝ በደረታቸው ይተኙና እኛንም ያስተኙናል። "ትንፋሽ አልስማ!" ይላሉ። ጉሬዛዋ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ነጩ ጠጉሯ ከኋላዋ እንደ ነጠላ ይዘረጋል። አንዴ ጌቱ መታገሥ አቅቶት "ጋሼ፣ ሳቂ ይበሏት እንጂ!" ብሎ ጮኸና ጉሬዛዋ ጫካ ገባች። ጋሼ ታደሰ ሣር ላይ ተንከባለው ሳቁ። እወዳቸው ነበር። ይህንንም ጽፌ ልለፍ፤ ሐሰት አይደለም።

ቢፍቱ የአባቴ ልጅ ናት። አባቴ እናቴን ሳያገቡ በፊት ሳጉሬ ውስጥ ከአንዲት ኦሮሞ ሴት የወለዷት ናት። እናቷ ስትሞትባት አባቴ እጇን ይዘው ወደ ቤታችን አመጧት። እኔ ከጌቱ ሌላ ወንድምም እህትም አልነበረኝምና፣ ታላቅ እህት ከሰማይ የወረደችልኝ መሰለኝ። አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛዋ ጣል ጣል ይላል። አንድ ነገር ልታሳየኝ ስትፈልግ "ኮቱ፣ ኮቱ!"፣ ነይ ነይ፣ ብላ ትጠራኝና ሮጣ ትቀድመኛለች። የሣር ቅጠል በሁለት አውራ ጣት መሃል ይዞ ማፏጨት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች።

እናቴ አትመታትም፣ ምግብም አትከለክላትም። ግን አንድ ቀን "ልጄ" ብላ ጠርታት አታውቅም። "የሳጉሬዋ" ነበር የምትላት። "የሳጉሬዋ፣ ውኃውን አምጪ።" "የሳጉሬዋስ ወዴት ሄደች?" ጎረቤት ሲመጣና "ይቺ የማን ናት?" ሲባል እናቴ ጨዋታውን ወደ ሌላ ትወስደዋለች።

ያቺ እሑድ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነበረች። ጋሼ ታደሰ ለመጀመሪያ ጊዜ "ዛሬ ሁላችሁንም አንድ ላይ ነው የማነሳችሁ" ብለው ስለ ነበር ቢፍቱ ገና ሳይነጋጋ ፀጉሯን ታጥባ ተሠርታለች። የእኔንም የሠራችው እሷ ናት፤ ስትጎትተኝ "ወይኔ" ባልኩ ቁጥር ትኮረኩረኛለች። ነጭ ቀሚሷን እንዳይቆሽሽ እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ይዛ ነው ዳገቱን የወጣችው። መንገዱን ሁሉ ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። "ስነሳ አፌን ልክፈት ወይስ ልዝጋ?" "ክፈቺው።" "ጥርሴ ቢታይስ?" "ይታያ!"

አባቴ መሃል ተቀመጡ፣ እናቴ በቀኛቸው ጌቱን አቅፋ፣ እኔ በግራቸው፣ ቢፍቱ ከእኔ ቀጥላ። እጄን ይዛ ነበር። ካሜራው ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ዓይነት ስለ ሆነ ጋሼ ታደሰ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ውስጥ ያያሉ። ፀሐይዋ በፊት ለፊታችን ናት። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው "ቶሎ በል ታደሰ፣ ሊታወር ነው ዓይኔ" ይላሉ። ጋሼ ታደሰ ቀና አሉ። እናቴን አዩ። እንደገና አንገታቸውን ደፉ፤ ሳያዩን ነው የተናገሩት።

"አንቺ፣ ተነሺ።"

ቢፍቱ ወደ እኔ ዞረች። ቀጥሎ እጄን ለቀቀች፤ ተነስታ ሣሩን ከቀሚሷ አራግፋ በጋሼ ታደሰ ኋላ ዞራ ቆመች። ካሜራው ቀጭ አለ። እኔ በዚያ ፎቶ ላይ ወደ ካሜራው አላይም፤ ወደ እሷ ነው የማየው። ሰው ግን ጉሬዛ ያየሁ ነው የሚመስለው።

ፎቶው አዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመጣ ቆየ። አባቴ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው አዩት፤ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታው ቆመ። "ቢፍቱስ?" አሉ።

ጋሼ ታደሰ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። "አይ የእርሷ ነገር! ፎቶ ተነሺ ብላት ብድግ ብላ ሄደችልኝ እኮ! አማርኛው መቼ ገብቷት!"

እናቴም ሳቀች። አባቴ ትንሽ ቆይተው ሳቁ፤ "ምስኪን" አሉና ፎቶውን አስቀመጡ። ቢፍቱ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ነበር። አፏን በመዳፏ አልሸፈነችም፤ የሚሸፈን ሣቅ አልነበረም።

እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። "ሁላችንም ፎቶ ልንነሳ ተቀምጠን ሳለ እሷን ብቻ ለይተው 'ፎቶ ተነሺ' የሚሏት ለምንድን ነው? ደግሞስ ፎቶ የሚል ቃል መቼ ወጣቸው?" አልኩ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ብላ ወደ ጓዳ ላከችኝ። አማርኛው አልገባትም የሚለውንም ቢሆን ኋላ ሳድግ ነው በደንብ ያሰብኩት። በኦሮምኛም ቃሉ ያው ነው፤ "ካኢ" ከመቀመጫሽ ተነሺም፣ ፎቶ ተነሺም ነው። ቢፍቱ በሁለቱም ቋንቋ የቃሉን ሁለት ፊት ታውቅ ነበር። ፎቶው በመጣ ማግስት ውኃ ስንቀዳ ራሷን ጠየቅኳት። "ተነሺ አሉኝ፤ ተነሳሁ" አለችኝና እንስራዋን አዘለች።

ከዚያ በኋላ በወጣን ቁጥር ካሜራው ከቆዳ ቤቱ ሲወጣ እሷ ማንም ሳይላት ወደ ኋላ ትሄዳለች። "ዛሬም ተነሳች!" ይላል ጌቱ፤ ትልልቆቹ ይስቃሉ። ጌቱ ሕፃን ነበር፤ አልፈርድበትም። ጨዋታው እየጣመ ሄደ። ለእንግዳ ይነገራል፤ ለዘመድ ይነገራል፤ አንዳንዱ ድምፁን እንደ እሷ አድርጎ ይጨምርበታል።

ከዚያች እሑድ በኋላ በሁለተኛው ክረምት ቢፍቱ በትኩሳት ተያዘች። አባቴ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ይዘዋት ተመለሱ፤ ሳምንቱ ሳይሞላ ሞተች። አያቷ ከሳጉሬ ሴቶች አስከትለው በጭቃው መጡ። በለቅሶው መሃል እጃቸውን ዘርግተው "ሱራዋን ስጡኝ፤ ይዤ ላልቅስ" አሉ። ሱራ ያሉት ፎቶዋን ነው። ሟችን በፎቶ ይዞ ማልቀስ በከተማው እየተለመደ ነበር፤ የፎቶ አንሺ ቤተ ዘመድ መሆናችንንም ሰምተዋል። እናቴ መሬት መሬት አየች። አንዲት ጎረቤት ናት የመለሰችላቸው። "የላትም እኮ እማማ። ተነሺ ሲሏት እየሄደች አስቸግራ ነው።"  ነጩን ቀሚስ ከሳጥን አውጥቼ ለአሮጊቷ ሰጠኋቸው፤ እሱን ከፍ አድርገው ይዘው አለቀሱ። ጋሼ ታደሰ ከወንዶቹ ጋር በር ላይ ቆመው ነበር።

ሳገባ የሠርጌን ፎቶ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ቬሎዬን እንደ ለበስኩ፣ ቢፍቱን ተነሺ ያሏት ለምን እንደ ነበር ጠየቅኳቸው። "አይ አንቺ፣ እስከ ዛሬ አልረሳሽም?" ብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ። እናቴ በሞተች በዓመቷ ደግሞ ጠየቅኳቸው፤ "የሙት ዓመት ነው፣ ተዪኝ" አሉኝ። ተውኳቸው፤ ግን አልረሳሁም። የረሳሁት ሌላ ነገር ነው። የመዳፏን ሙቀት አውቀዋለሁ፤ ፉጨቷን አውቀዋለሁ፤ ፊቷ ግን ጠፍቶብኛል። ላስታውሰው ስሞክር አንዴ የአባቴ፣ አንዴ የራሴ ሴት ልጅ ፊት ይመጣብኛል።

ዛሬ ጭላሎ ግርጌ ያ የተኛንበት ሣር ስንዴ ሆኗል፤ ከጥዱ ይልቅ ባሕር ዛፉ ይበዛል። የልጅ ልጆቼ ሽቅብ ሲወጡ እያንዳንዳቸው በስልካቸው ራሳቸውን እያነሱ ነው። ምሳቸውን ያነሳሉ፤ ጫማቸውን ያነሳሉ፤ ያልወደዱትን ፊት አጥፍተው ሌላ ያነሳሉ። "እማዬ ሳቂ" ሲሉኝ እስቅላቸዋለሁ። ፊት እንዲህ የተትረፈረፈበት ዘመን ላይ ደርሼ የአንዲት ልጅ ፊት ማጣቴ አልለቀቀኝም።

ባለፈው ፋሲካ ጋሼ ታደሰ ቤት ተሰበሰብን። አሁን በጣም አርጅተዋል፤ ጋቢ ለብሰው ወንበር ላይ ይውላሉ፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ልጆቻቸው ያንን የጭላሎ ፎቶ በትልቁ አሳጥበው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። የልጅ ልጃቸው ናቲ፣ የቢፍቱን ስም እንኳ የማያውቅ ልጅ፣ ፎቶውን ለእጮኛው እያሳየ ጀመረ። "አንዲት ገጠሬ ነበረች አሉ፤ ፎቶ ተነሺ ሲሏት..." አማርኛውን እያጣመመ።

"ናቲ፣ ዝጋ!" አልኩት። "ገጠሬ ያልካት የአባቴ ልጅ ናት። ስሟ ቢፍቱ ነው።"

 እጮኛው ደንገጥ ብላ መሬት አየች። ተነስቼ ጋሼ ታደሰ ፊት ቆምኩ። ሴት ልጃቸው "እትዬ፣ በበዓል? ደክሞታል እኮ፣ ተይው" አለችኝ።

"እኔም ደክሞኛል" አልኳት። "ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሁለታችንም ብዙ የለንም። ያኔ ተነሺ ያሏት ፎቶ እንድትነሳ ነው ወይስ እንድትሄድ? ሰው ሁሉ እየሰማ ይንገሩኝ።"

በጋቢያቸው ዳር አፋቸውን ጠረጉ። ወደ ፎቶው አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። ልጅ ሳለሁ የማውቀው ሣቃቸው ሊመጣ ነው ብዬ ነበር፤ አልመጣም።

"እናትሽ በዓይኗ ጠቀሰችኝ" አሉ። "የቤተሰብ ፎቶ ነበራ። እንድትሄድ ነው ያልኳት፤ ልጅቷ ደህና አድርጋ ነው የሰማችኝ።"