ከመስኮቱ የምትታየው መኪና

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ካልተናገርኩ ሆዴ ውስጥ ይሻግታል፤ ስለዚህ ታገሡኝ። ፕሮግራም መሪያችን ወንድም ጌታቸው «አጠር አድርጊው» ብሎኛል። እሺ ብዬዋለሁ፤ ግን ያሳለፍኩት ነገር አጠር አይልም። ክብር ለስሙ ይሁን!

አልማዝ ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። በየበዓሉ ምግብ የምሠራላችሁ ነኝ። ያደግኩት በአማኝ ቤት ነው። ዘምሬያለሁ፣ ተጠምቄያለሁ። ግን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ የምፈራው እናንተን ነበር እንጂ እሱን አልነበረም። «ሰው ምን ይላል» ነበር ጌታዬ።

ልጄን ፌበንን ታስታውሷታላችሁ አይደል? እዚህ ፊት ለፊት ኪቦርድ ትጫወት የነበረችውን። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤት መግባት አቃታት። እዚሁ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ሰፈር ካለው አፓርትማችን በር ላይ ትቆማለች፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልሳ ትገባለች። ዶክተሯ «ከባድ የጭንቀት ሕመም ነው፤ ስንፍና አይደለም፣ ጥፋቷም አይደለም» አለችኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? እናንተን ጠራሁ።

መጣችሁ። ይባርካችሁ፣ መጣችሁ። መኝታ ቤቷ ገብታችሁ ጮኻችሁባት። «ውጣ! ልቀቃት!» አላችሁ። የደበቀችው ኃጢአት ካለ ትናዘዝ አላችሁ። ልጄ የደበቀችው ነገር ቢኖር እንባዋን ነው። ስትሄዱ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ እነሱን ሁለተኛ እንዳታመጪብኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማን ደወለ? ልጆቻችሁ ስልኳን ብሎክ አደረጉ። በራሳቸው ነው ያደረጉት? ይሁን። ሃሌ ሉያ!

አብራኝ አረጋውያን የምትንከባከብ አንዲት አሜሪካዊት አለች። ከሲያትል ወጥታ ሩቅ፣ ገጠር ነው የምትኖረው። «የእኛ ስኩል ዲስትሪክት በጣም ትንሽ ነው። በመደበኛው ክፍል መቀመጥ ላቃታቸው ልጆች አልተርናቲቭ ሃይስኩል አለው፤ ከሌላ ቦታም ይቀበላሉ» አለችኝ። አፕላይ አደረግሁ። አንዲት እህታችን ስትሰማ ምን አለችኝ? «ኧረ አልማዝ፣ ያ እኮ የወደቁ ልጆች የሚጣሉበት ነው!» ስሟን አልጠራም። እዚሁ ተቀምጣለች። ሰላም ነሽ እህቴ?

ሄድን። ግራና ቀኙ የከብት ግጦሽ ነው። ዲስትሪክት የሚባለው የትምህርት አስተዳደር በሙሉ አንድ ግቢ ነው፤ የበላይ ኃላፊው ሱፐርኢንተንደንቱም፣ ዳይሬክተሩም፣ የባሱ ሹፌርም አንድ ሰው ናቸው፣ ሚስተር ዴል የሚባሉ። አልተርናቲቩም ከጂሙ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሶ፣ ፌበን ከመኪና አልወርድም አለች። ሚስተር ዴል የባሱን ቁልፍ እንደያዙ መጥተው ጎንበስ አሉ። አልጮኹባትም። «እናትሽ መኪናዋን ከክፍሉ መስኮት ሥር ፓርክ ታድርግ። ወንበርሽን መስኮቱ ጋ እናደርገዋለን። ቀና ስትይ ታይያታለሽ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እናርቅሻለን» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ የማታ ሺፍት እየሠራሁ ቀን ቀን መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። የዚህን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጌታን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ እዚህ አይደለም። የሚያየኝ ሰው የለም፣ ላሞች ብቻ። መሪው ላይ ተደፍቼ «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ የማንን ፊት ሳይ ነው የኖርኩት?» ብዬ አለቀስኩ። ያን ቀን ልቤን የምሬን ሰጠሁት። የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ሴትዮ መስኮቱን አንኳኩታ ሾርባ አቀበለችኝ። ምን ሆነሽ ነው አላለችኝም፤ «ትኩስ ነው፣ ቀስ ብለሽ» ብቻ። ክብር ለሱ ይሁን!

መኪናዬ ራቀች። ከመስኮቱ ሥር ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ነዳጅ ማደያው። አንድ ቀን ፌበን «ማሚ፣ ጎ ሆም። ሂጂ ተኚ፣ ኦኬ?» አለችኝ። እየነዳሁ እልል አልኩ። ጌታ ልጄን ፈወሰልኝ! በጩኸት አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ መኪና እያራቀ ፈወሰልኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያው ጨርሳ በሰኔ ተመረቀች። ሁላችሁንም ጠርቻችሁ ነበር። እኔ ምግብ ያልሠራሁለት የማን ልጅ ምርቃት አለ? አንድም ሰው አልመጣም። «ሩቅ ነው» አላችሁኝ። ለሠርግ ሲሆን ካሊፎርኒያ ድረስ ትነዱ የለ?

እዚያ አንድ ልማድ አላቸው፤ የልጁ ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ይነሣል። ለሌላው አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ረድፍ ሙሉ ይነሣል። የፌበን ስም ሲጠራ ብቻዬን ተነሣሁ። ሆዴ ተቃጠለ፤ አልዋሻችሁም፣ አሁንም ይቃጠላል። ከኋላዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ዞር ስል ያቺ ምግብ አብሳይ ተነሥታለች። ሚስተር ዴልም ከመድረኩ ወርደው አጠገቤ ቆሙ። ያን ጊዜ እልልታዬን ለቀቅኩት! ገበሬዎቹ ደንግጠው ዞሩ፣ ልጄ በሳቅ ሞተች።

አሜን የሚል የለም? እሺ፣ ገባኝ።

ዛሬ ወደዚህ ስንመጣ የተንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው። የነዳችው ፌበን ናት። «ማሚ፣ ግቢ። እኔ አልገባም፤ ግን የምታይኝ ቦታ ፓርክ አደርጋለሁ» አለችኝ። ያቻት፣ በዚያ መስኮት፣ ግራጫዋ መኪና። እሷን እያየሁ ነው የማወራው።

ወንድም ጌታቸው፣ ጨረስኩ፤ ሰዓትህን አይቻለሁ። ልጅ ታሞባችሁ ሰው ፈርታችሁ የደበቃችሁ፣ ጌታን እመኑት። እሱ አይጮኽባችሁም። ደግሞ አደራ፣ ስትወጡ መኪናዋን እንዳትከቡብኝ፤ ግቢም እንዳትሏት። ሰላም ልትሏት የምትፈልጉ እዚያ መስኮት ጋ ቁሙና እጃችሁን አውለብልቡላት። ለዛሬ ይበቃታል። ምናልባት የሚመጣው እሑድ መኪናዋን ትንሽ ጠጋ ታደርጋት ይሆናል።