የኦገስት ጀቶች

ማንአልሞሽ በሱዳን በኩል ሲያትል የገባችው ከልጇ ከኖላዊት ጋር ብቻ ነበር። ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር አፓርትመንት ተከራየች፤ በኋላም ማውንት ቤከር ሰፈር፣ ሐይቅ አጠገብ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ያዘች። አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ዝምተኛና ጠንቃቃ ስለሆነች አለቃዋ ወደደቻት። እንቅልፍ እንደሚያስቸግራት፣ በር በኃይል ሲዘጋ ጎንበስ እንደምትል ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በ1995 ኦገስት፣ እንደየዓመቱ፣ የጦር ጀቶች በሐይቁ ላይ ትርኢት ሊያሳዩ መጡ። ማንአልሞሽ እዚያ ሥራ ከጀመረች ገና ጥቂት ወሯ ነው፤ ማንም አልነገራትም። ሚስስ ኦልሰን የሚባሉ አሮጊት ወንበር ላይ አስቀምጣ ፀጉራቸውን ታበጥር ነበር። አንዱ ጀት ጣሪያውን ሊነካ ደርሶ አለፈ። ሴትዮዋን ከወንበራቸው አውርዳ ወለሉ ላይ አስተኛቻቸውና በላያቸው ተኛችባቸው። ሠራተኞች ሮጠው ሲደርሱ «አትነሡ! ይመለሳል!» እያለች በአማርኛ ትጮህ ነበር።

የአሮጊቷ ክንድ በለዘ፤ ልጆቻቸው ተቆጡ። ማንአልሞሽ ከሥራ ተሰናበተች። አለቃዋ ግን አዝና ክሊኒክ ቀጠሮ አስያዘችላት።

የመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚ አልተገኘም። ዐሥር ዓመት የሆናትን ኖላዊትን «አንቺ ተርጉሚ» አሏት። ማንአልሞሽ ተነሣች።

«ይኼን በልጄ አፍ አልናገርም» ብላ ልጇን ይዛ ወጣች።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሥዩም የሚባል አስተርጓሚ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ «የኛ ሰው ነህ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብዳለች ብለህ ብታወራብኝስ?» አለችው።

«እኅቴ፣ ከዚህ ክፍል የሚወጣ ወሬ የለም። እኔም በዚያው በሱዳን በኩል ነው የመጣሁት።»

ሐኪሟ ጠየቀች፤ ሥዩም «ድብርት ይሰማሻል ወይ?» ብሎ ተረጎመ።

«ድብርትስ ሥራ የፈታ ሰው ነው የሚይዘው» አለች ማንአልሞሽ።

ሥዩም ከሐኪሟ ጋር ተነጋገረና በሌላ ቃል ሞከረ፤ «ያየሽው ነገር አሁን እየሆነ ያለ መስሎ ይመጣብሻል?»

ማንአልሞሽ በዚህ ጊዜ ተናገረች። በጦርነቱ ጊዜ፣ ወሎ ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ አውሮፕላን መጣ። ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ የነበረችውን ኖላዊትን መሬት አስተኝታ በላይዋ ወደቀች። ቦምቡን ጥሎ ሲርቅ ሰው ሄደ ብሎ ተነሣ። አውሮፕላኑ ዞሮ ተመለሰ። ከተነሡት አንዱ ባሏ ብዙነህ ነበር።

ሐኪሟ ኪኒን አዘዘችላት፤ ከሥዩም ጋር እየመጣች እንድታወራም ቀጠረቻት። ማንአልሞሽ ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣውን ጠበልም ኪኒኑንም ያዘች። እንቅልፏ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ድንጋጤው ግን ጨርሶ አልለቀቃትም።

ለኖላዊት የአባቷን አሟሟት የነገረቻት ብርዱ ሲገባ ነው። ልጅቷ አባቷ በበሽታ እንደሞተ ነበር የምታውቀው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት በእንግሊዝኛ።

«እንዳትፈሪ ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ፣ አንቺ ብቻሽን ስትፈሪ ነበር?» አለች፣ አሁን በአማርኛ።

ሄዳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ጀቶቹ በሚመጡበት ሰሞን እናትና ልጅ በባስ ስፖኬን ወደምትባል ሩቅ ከተማ ይሄዳሉ። ማንአልሞሽ እዚያው ሲያትል የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ቦታው ምድር ቤት ነው፤ የውጭ ድምፅ አይሰማበትም። ሌሎቹ ሠራተኞች በማሽኖቹ ጩኸት ይማረራሉ፤ እሷን ተስማምቷታል።